የማናውቀው ሰው እስኪገባ

ልጄ የዞኑን መሥሪያ ቤት ለመልቀቅ ስትነሳ አንድ ቃል አስገብቻት ነበር፦ ያ ከጓደኛዋ ጋር የምትሠራው ነገር ለሕዝብ ሳይለቀቅ ወንበሯን እንዳትለቅ። ፕላትፎርም ይሉታል። እንደገባኝ፣ ሌላው ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ለሥራው የሚሆነውን ሶፍትዌር የሚሠራበት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሷ ደመወዝና ቦንጋ መናኸሪያ በር ላይ በምሸጠው ሻይ ነው።

አንድ እሁድ ጓደኛዋ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። የጅማ ልጅ ነው፤ ሳቅ ያበዛል። ሳቅ የሚያበዛ ሰው አላምንም።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ተለቀቀ! ይኸው ሰው ገብቶ እየሠራበት ነው።»

ልጄን አየኋት። ጥፍሯን ትነክሳለች።

መናኸሪያ ስውል የማየው ነገር አለ። ወደ ሺሺንዳ የሚሄደው መኪና ባዶ ሲሆን ረዳቱ ጓደኞቹን ወንበር ላይ ያስቀምጥና «ሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ገበሬው አምኖ ሲገባ እነሱ አንድ በአንድ ይወርዳሉ።

«የገቡት ተሳፋሪ ናቸው ወይስ እናንተ ያስቀመጣችኋቸው?» አልኩት።

እሱ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። «አብረውን የተማሩ ናቸው እማዬ።»

«ታዲያ ምኑ ተለቀቀ?»

«በሩ ለማንም ክፍት ነው እኮ!» አለ ቆጣ ብሎ። «ሱቅ ከፍተው ገዢ ባይመጣ፣ አልተከፈተም ይባላል?»

«ገዢ ሳይመጣለት ደመወዙን የሚጥል ባለሱቅ አላየሁም።»

«እማዬ እውነቷን ነው» አለችው ልጄ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን ጠረጠርኩ፤ እንዲህ ቶሎ ተረትታ አታውቅም።

«የማናውቀው ሰው፣ ማንም ሳይለምነው ገብቶ ከሠራበት ግን ተለቀቀ ማለት ነው። ያኔ አትከልክዪኝም?»

«አልከለክልሽም» አልኩ፤ የማይታወቅ ሰው ከየት መጥቶ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። «አብሮኝ የተማረ ነው» ካለችኝ አምላኬን አመሰግናለሁ። ደግሞ ያ የጅማው ልጅ የአክስቱን ልጅ በሌላ ስም ቢያስገባስ እላለሁ።

አንድ ቀን በሥራ ሰዓት መናኸሪያ መጣች፤ የቢሮ መታወቂያዋ ካንገቷ አልወረደም።

«አንዲት የማናውቃት ሴት ገባች» አለችኝ። «ለማኅበራቸው የማር መረከቢያ ሶፍትዌር ሠርታበታለች። ይሄ አይሠራም፣ ያ ተበላሽቷል እያለች ስድብ ጽፋልናለች።»

«ጓደኛሽ የላካት ብትሆንስ?»

«እኔም ጠርጥሬ ደወልኩላት። ቢታ ገነት ከተማ ነው ያለችው። ማን ነሽ አንቺ፣ ሥራ አታስፈቺኝ ብላ ጮኸችብኝ።»

በልመና የመጣ ሰው እንዲህ አይቆጣም። ሻይ ልቀዳላት ብል ግማሹን ምድጃው ላይ ደፋሁት።

«እንደምትለቂ ለአለቃሽ ነገርሽው?»

«መጀመሪያ ላንቺ ልንገር ብዬ ነው።»

ዓይን ዓይኔን ታያለች። ቃሌን ልበላ አሰብኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«ሂጂ» አልኳት፣ «አለቃሽ ለምሳ ሳይወጣ ድረሺበት።»