ጆንያ የሰፋሁበት ቀን

የመካነ ሰላም የእህል ማደያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ሥራ የጀመርሁት አብዮቱ ገና ትኩስ በነበረበት፣ ረሃቡም ባልለቀቀበት ጊዜ፣ በክረምት መግቢያ ነው። ሰኞ ይመስለኛል፤ ማክሰኞም ሊሆን ይችላል። የሥራ አመራር ዲግሪ ነበረኝ፤ በቦርሳዬም ራሴ የነደፍሁትን የሥራ ቅደም ተከተል ይዣለሁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይላል፦ ተሸካሚ አንድ ጆንያ ያወርዳል፣ መዛኝ በባስኩል ይመዝናል፣ መዝጋቢ ይጽፋል፣ እኔ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ቀጣዩ ጆንያ ይወርዳል። በሌላው ድርሻ እጁን ያስገባ ይጠየቃል። በጊዜው እንከን አልታየኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እህል የጫነ መኪና ገባ። በግቢው ከወግዲ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው እማማ ዘነቡ የተባሉ እናት ቀረብ ብለው፣ "ልጄ፣ ቤት የቀሩት ልጆች የሚቀምሱት የላቸውም። ወንዙ ሳይሞላ ነገ በጠዋት መሻገር አለብኝ" አሉኝ። እህል ተራግፎ መጋዘን ሳይገባ አይታደልም። ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይወስዳሉ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ሥራው ተጀመረ፤ በእርግጥ ተጀመረ ለማለት ያስቸግራል። መዛኙ ጆንያ ይጠብቃል፣ ተሸካሚው ፊርማዬን ይጠብቃል። አንዱን ተሸካሚ ወገቡን ሲያመው መዛኙ፣ "መሸከም የእኔ ድርሻ አይደለም፤ እጠየቃለሁ" ብሎ ቆሞ አየው። ሰማዩ ጠቆረ። የገባው ጆንያ ከሃያ ማለፉን እጠራጠራለሁ።

የተሸካሚዎቹ አንጋፋ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ከአብዮቱ ወዲህ "ጌታዬ" ይበሉኝ "ጓድ" አልለየላቸውም።

"ጌታዬ ጓድ፣ ደቦ ጠርተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም፤ ያደግሁት ከተማ ነው።"

"ወላሂ ያስታውቃል። ደቦ የጠራ ሰው፣ ማሳው የራሱ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን አያዝም። የሚመራው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ባለማሳው የጎደለውን ያሟላል።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

"መተላለፊያ። ጠረጴዛዎ በሩን ዘግቶታል።"

ጠረጴዛውን ራሴ ጎትቼ አወጣሁት። ጋሽ ሰይድ መሪነቱን ያዙ። ደህናውን ጆንያ ቆጥረን እንድናስገባ፣ ሚዛኑን ለነገ እንድናቆይ ወሰኑ። መዛኙ ተሸካሚ ሆነ፤ ወገቡን ያመመው በር ላይ ተቀምጦ ቆጣሪ ሆነ። ለእኔ ወስፌና ሲባጎ ተሰጠኝ፤ የተቀደደውን ልሰፋ። ሳይመዘን በመግባቱ የምጠየቀው እኔ መሆኔን እያወቅሁ ተቀመጥሁ።

ጋሽ ሰይድ ስፌቴን ጎንበስ ብለው መረመሩት። "ጓድ ጌታዬ፣ ስፌትዎ እንደ ፊርማዎ ነው፤ ቦታ ይዟል፣ እህል ግን አልያዘም።"

ግቢው ሁሉ ሳቀ። እማማ ዘነቡ መጥተው ወስፌውን ከእጄ ወሰዱት። "ተወው ልጄ፣ አንተ ጫፉን ያዝልኝ።" ያዝሁላቸው። የወግዲ ሰዎችም፣ አቅም የቀራቸው፣ ለመደርደር ተነሡ።

ዝናቡ ሲወርድ መኪናው ባዶ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ መዝነን አደልን። እማማ ዘነቡ ወንዙን በሰላም እንደ ተሻገሩ ከወግዲ የመጣ ሰው በኋላ ነገረኝ።

ከአውራጃ የመጣው ተቆጣጣሪ ግን ተቆጣ። "ተሸካሚ አዘዘህ?" ሲለኝ፣ "አዎን፣ እኔም ታዘዝሁ" አልሁት። በእነዚሁ ቃላት ስለ መናገሬ አልምልም፤ የጻፈብኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ዛሬም አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን መርቻለሁ። ሥራ ሲቆም መጀመሪያ የማጣራው እኔ ራሴ የት እንደ ቆምሁ ነው።