ያልሠራችው አበባ

የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሺራ ትናንት ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣችው የወረቀት አበባ ገና ማጣበቂያ ማጣበቂያ ይሸታል። ቅጠሎቹ እኩል ተቆርጠዋል፣ ቀዩ ቀለም ከመስመሩ አልወጣም፤ ከሱቅ የተገዛ ይመስላል። ጎበዝ ስላት በዕብራይስጥ «ሎ ሸሊ» አለችኝ፤ የእኔ አይደለም ማለቷ ነው። የእሷን ረዳት አስተማሪዋ ጥላው፣ ሌላ ሠርታ፣ የሺራን ስም ጽፋበታለች።

እናቴ ከጎንደር ወጣ ባለች መንደራችን ሸክላ ሠሪ ነበረች። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ካቦካችው ጭቃ ቆንጥራ ትሰጠኝና፣ የለቀምኩትን አደይ አበባ እላዩ ላይ ተጭኜ ማሰሮ ነው የምለውን ጠማማ ነገር እሠራ ነበር። አታቃናልኝም፤ የአበባውን ቀለም ብቻ ትጠይቀኛለች፤ ቢጫ እላለሁ። ከእሳት ሲወጣ አበባው የለም፣ ቅርጹ ጠቁሮ ቀርቷል፤ እንደገና ትጠይቀኛለች፤ ጥቁር እላለሁ። ቀለም የተማርኩት እንዲህ ነው። የእኔን የምታቃጥለው ከራሷ እንስራዎች ጎን ነበር። በደንብ ያልታሸ ጭቃ እሳት ውስጥ ይፈነዳልና፣ አንድ ጊዜ የእኔው ፈንድቶ ለገበያ ያዘጋጀችውን እንስራ አንገት ገመሰው። ጎረቤታችን «የልጅ ጨዋታ እሳት ውስጥ ይከተታል? አበድሽ እንዴ!» ብላ ስትስቅባት፣ እናቴ «ታዲያ በምን ትማር፣ በእኔ እጅ?» አለቻት። በሚቀጥለውም ጊዜ ቦታ ሰጠችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሃዳር ጋኒም ሰፈር ወዳለው መዋዕለ ሕፃናቷ ሄድኩ። ረዳቷ ወላጆቿ እንደ እኔ ከአገር ቤት የመጡ፣ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፣ ሰው አክባሪ። የሺራ አበባ የት እንደደረሰ ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ተቀዶ ነበር እኮ። ወላጆች ሲመጡ ግድግዳው እንዲያምር ብዬ ነው። ለሁሉም ነው የሠራሁት፣ በሰደር?» ደህና ነው አይደል ማለቷ ነው።

«በሰደር አይደለም» አልኳት። «የሚማረው ግድግዳው ነው ወይስ ልጆቹ?»

ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀትና መቀስ ሺራ ፊት አስቀመጥኩ። መቀሱን ወደ እኔ፣ ሳቭታ ወደምትላት አያቷ፣ ገፋችው።

«አንቺ ቁረጪው ሳቭታ፣ አንቺ ያምርልሻል።»

ቀለማቱን በሁለት ቋንቋ ትጠራለች፣ የአበቦቹንም ስም ታውቃለች፤ ለዚህ አመስግኚ ይሉኛል። ምኑን ላመስግን? የአራት ዓመት ልጅ «እጄ አይረባም» ብላ ደምድማለች።