ባሕሩን ይዞ የመጣው

ከጨፋ ወጥቼ ባሕር ኃይል ስገባ ከቦርከና ወንዝ የሚበልጥ ውሃ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀይ ባሕር ዳር አሰልፈውን ዝለሉ ሲሉን እኔ ቆሜ አየሁት። አሠልጣኛችን የሐረር ሰው ነው፤ ከኋላዬ መጥቶ ገፋ አደረገኝ፤ ጨው ጠጥቼ ወጣሁ። ውሎ አድሮ ግን ከነመሣሪያዬ የምዋኝ፣ ከጀልባ ዘልዬ ደሴት ላይ የምወጣ ወታደር ሆንኩ።

ጦርነቱን ብዙ አላወራም። አንዱን ግን ልናገር። ረፋድ ላይ ጀልባችን ተመታችና ሁላችንም ባሕር ውስጥ ገባን። ግራ እግሬን ፍንጣሪ አግኝቶኛል። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ፣ የጎጃም ልጅ፣ አንገቴን በሁለት እጁ አንቆ ያዘኝ። አብረን ወደ ታች መውረድ ጀመርን። «አንገቴን ልቀቅና ቀበቶዬን ያዝ» አልኩት። የሚሰምጥ ሰው የያዘውን መልቀቅ ይፈራል፤ እሱ ግን አመነኝ። እኔ እየዋኘሁ፣ እሱ ከኋላ እየተጎተተ፣ አሸዋው ላይ ወጣን። ያ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

ጦርነቱ አልቆ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ከሚሴ ላይ ከአውቶብስ ወርጄ፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ እያነከስኩ ጨፋ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሽንኩርትና በርበሬ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በዚህ እግር አልሆነልኝም፤ የጤፍ መሬቴን ለእኩል አራሽ እሰጣለሁ። አንድ እኩያዬ የሆነ ጎረቤት አለኝ። ጨፋ ሮቢት ገበያ ባየኝ ቁጥር «ባሕረኛው፣ ባሕርህን የት ጥለኸው መጣህ?» ይለኝ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ትንሽ ይቆረቁረኛል።

አምና ክረምት፣ ጤፍ ሊዘራ ሲል፣ ይኸው ጎረቤቴ ሁለቱን በሬዎቹን ቦርከና መሀል ካለችው የሣር መሬት ላይ ለቀቃቸው። እኛ አገር በሬ የሰው ማሳ እንዳይገባ ሁለቱን አንገት ለአንገት በገመድ አገናኝተን ነው የምንለቀው። ወንዙ በሚመጣበት በደሴ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ እሱ ልብ አላለም። የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሰግደን ስንወጣ ወንዙ ሞልቶ መሬቷን ከግራም ከቀኝም ከቧታል። ውሃው የበሬዎቹ ጉልበት ደርሷል።

ሌላ በሬ የለውም። እነሱ ከሄዱ ጤፍም የለ፣ የዓመት ቀለብም የለ። ሰዉ ዳር ቆሞ ያ አላህ ይላል። እሱ «ኮቱ! ኮቱ!» እያለ፣ ኑ ኑ እያለ በኦሮምኛ ይጠራቸዋል፤ በሬዎቹ ያደጉት በዚያ ቋንቋ ነው። ድምፁን ሲሰሙ አንዱ ወደ ውሃው ይላል፣ ሌላው ደንግጦ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ገመዱን ሳየው ያ የጎጃም ልጅ አንገቴ ላይ መጣብኝ።

ሸሚዜን ሳወልቅ ሚስቴ በዚህ ዕድሜህ፣ በዚያ እግርህ ብላ ሽርጤን ያዘች።

«የማነክሰው መሬት ላይ ነው» አልኳት።

ጎረቤቴን አንተ ከዚህ አትነቃነቅ፣ መጥራትህንም እንዳታቆም አልኩት። ቢላዋ ወገቤ ላይ ሸጉጬ ከላይ በኩል፣ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር፣ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ጎርፉን አልታገልኩትም፤ እሱ ወደ ታች ሲወስደኝ እኔ በሰያፍ እየዋኘሁ መሬቷ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ጨው የለውም እንጂ ጉልበቱ ያው ነው። ገመዱን ቆረጥኩ፤ የቀዩን በሬ ጅራት ይዤ ወደ ውሃው ነዳሁት።

በሬ መዋኘት ያውቃል፤ አንገቱን ብቻ ልቀቁለት። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወደ ጌታው ድምፅ ቀዘፈ። ዞር ስል ጥቁሩም ከኋላችን አለ። ሦስታችንም ከታች፣ ከማሽላው ዳር ወጣን። ሰዉ አላሁ አክበር አለ። ጎረቤቴ መጀመሪያ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ እኔን አቀፈ። «ጋለቶሚ» ብሎ በኦሮምኛው አመሰገነኝ።

በማግስቱ ጠዋት የጅራፍ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ቀዩና ጥቁሩ ተጠምደው የእኔን መሬት ያርሳሉ። የራሱን ገና አልነካም። ምርቱን እኩል እንካፈላለን ብለው «ተወው» ብሎ በሬዎቹን ነዳ።

በገበያው ቀን ከሩቅ «ባሕረኛው!» ብሎ ተጣራ። ሰዉ እንደ ልማዱ ሊስቅ ዞረ። እሱ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «ባሕሩን የት ጣለው እያልኩ ስጠይቀው ነው የኖርኩት» አላቸው፤ «ለካ ይዞት ነው የመጣው»።

ያን ቀን በርበሬዬን ሳልሸጥ መሸ፤ ሲያስወሩኝ ዋሉ።