የስንዴ ዛላ ያለበት የጥሪ ካርድ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ወረቀት መቁረጥ ነበር። እሱ የብረት ማስመሪያውን በሁለት እጁ ተጭኖ ይይዛል፣ እኔ በካተር እቆርጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጾም ስለነበር ሽሮ በልተን፣ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርገን ካርቶን አነጠፍንበት። የምንቆርጠው የልጃችንን የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቀጥሯል።

«ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፤ አሁን ወደ ኢተያ ሄድሽ» ይለኛል ካተሩ ሲንሸራተት።

«አንተ ማስመሪያውን ጠበቅ አድርግ እንጂ። እጅህ ነው የሚንቀሳቀሰው።»

«እጄ ዕድሜ ልኩን ማኅተም ሲመታ አልተንቀሳቀሰም።»

ባለቤቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዝቶ አሰላ ባለችው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ አስቀመጠ። በመጀመሪያ የእድር ማስታወቂያ ነበር የሚጽፍበት። ቀስ በቀስ ሥዕል ማስገባት፣ ጠርዝ ማስጌጥ ተማረ። ፕሪንተሩ ሥራ ከፈታ ቀለሙ ይደርቃል ብሎ፣ የሚታተም ነገር ባይኖርም ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ገጽ ያትም ነበር። ልጃችን ስትታጭ ካርዱንም፣ የአዳራሹን ማስጌጫም ቤት ውስጥ እንሠራዋለን አለ። እኔ ደስ አላለኝም። በሰፈራችን ልጅ ሲዳር ካርዱ አዳማ ታትሞ፣ በወርቃማ ፖስታ ሆኖ ይመጣል። እኛ በጠረጴዛችን ላይ ስንቆርጥ ሰው ቢያየን ምን ይላል ብዬ መጋረጃውን እዘጋ ነበር።

ካርዱ ላይ ያደረገው ጌጥ ደግሞ አበባ አይደለም፤ የስንዴ ዛላ ነው። በመኸር ጊዜ ኢተያ ዘመዶቻችን ማሳ ላይ በስልኩ ፎቶ አንስቶት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቆርጠውና ሲያጠራው ሰንብቶ ካርዱ ጥግ ላይ ተከለው።

«ስንዴ?» አልኩት ያሳየኝ ቀን። «ጽጌረዳ ጠፍቶ ነው?»

«ጽጌረዳ የዝዋይ ነው። የእኛ ይሄ ነው።»

«የዱቄት ፋብሪካ ካላንደር ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ምን አለበት? ከሙሽራዋ ስም ሥር ሃምሳ ኪሎ ብለን እንጽፋለን።»

«አባዬ! ሰምቻለሁ እኮ!» አለች ልጄ ከጓዳ።

በዚያ ካርድ ላይ እኔ የወደድኩት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱንም አልነገርኩትም። ከላይ በመጀመሪያው መስመር የእሱ ስም፣ ቀጥሎ የእኔ ስም፣ ከዚያ «ልጃችንን ስንድር በክብር ጠርተንዎታል» ይላል። እኔና እሱ ስንጋባ ካርድ አልነበረንም። ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ከምስክሮቻችን ጋር ሻይ ጠጥተን ወደ ቤታችን ሄድን። ስሞቻችን ለሰው እንዲነበቡ ጎን ለጎን ታትመው ያየኋቸው በልጃችን ካርድ ላይ ነው።

ያን ቅዳሜ የቆረጥነውን በጫማ ካርቶን ውስጥ ደርድረን ተኛን። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ልቀሰቅሰው ስገባ አልነቃም።

ድንኳን ሲተከል ሰዎች ፎቶ ፈለጉ። ልጄ እያለቀሰች ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ በአባቷ ስም የተቀመጠውን ፎቶ አተመች። አንድ ጎረቤት ካርቶን ላይ ለጥፎ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሰቀለው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ስለነበርኩ አላየሁትም። በማግስቱ ዘመድ ልቀበል ስወጣ ነው ያየሁት። የባለቤቴ ፊት ፈገግ ብሎ ወርቃማ ክፈፍ ውስጥ ተቀምጧል። ከራሱ በላይ ሁለት የጋብቻ ቀለበቶች አሉ። ከአገጩ በታች በትልቁ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል።

ለአዳራሹ በር የሚሆነውን ሰሌዳ ሲሞክር የሠራው ነው። የሙሽሮቹን ፎቶ ከማስገባቱ በፊት በራሱ ፎቶ ለክቶታል። ልጄ በእንባ ውስጥ ፊቱን እንጂ ሌላውን አላየችም። ለጥፎ የሰቀለው ጎረቤትም አላየም። ያዩት ለቀስተኞቹ ናቸው፤ አንድ ቀን ሙሉ ከሥሩ እያለፉ ገብተዋል፤ ማንም ደፍሮ አልነገረንም።

በሰው ፊት ጎትቼ አወረድኩት። ፕላስተሩ አልለቅ ብሎኝ ታገልኩ። ከጢቾ የመጡት አክስቱ ትከሻዬን ይዘው «ተይው ልጄ፣ እሱ ሰው መቀበል ይወድ ነበር» አሉኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅኩም። እስከ ዛሬም ያቺን ሴት መንገድ ላይ ሳያት ወደ ሌላኛው ጎን እሻገራለሁ።

ከአርባው በኋላ የሙሽራው ወገኖች ከሮቤ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ሊሄዱ ሲሉ የሙሽራው እናት ወደ ጎን ወሰደችኝ። ሮቤ ሱቅ ያላት፣ ንግግሯ ለስላሳ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ካርዱን እንግዲህ እንደገና ማሠራት አይቀርም። ከስማቸው በፊት ነፍስ ኄር የሚለው ይግባበት። ያለዚያ ሰው ያማናል። ወይ አዳማ እኔ ላሳትመው?»

«አይ፣ እቤት ነው የሚታተመው። እኔ አስገባዋለሁ» አልኳት።

ቃሌን ሰጥቼ ሸኘኋት።

ልጄ አዳማ ስለምትሠራ የምትመጣው ለእረፍት ቀን ብቻ ነበር። እኔ ኮምፒውተር አልተማርኩም። እሱ ሲሠራ ከኋላው ቆሜ ያየሁትን ያህል ነው የማውቀው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን መጋረጃውን ዘጋሁና ከፈትኩት። ካርዱ እንደተወው ነበር። ፊደል በፊደል እየፈለግኩ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ወሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ጠቋሚውን ከስሙ ፊት አቆምኩት። ቀጭኗ መስመር ብልጭ ጥፍት ትላለች። «ነ» የምትለዋን ፊደል ነካሁና መልሼ አጠፋኋት።

ሁለት ቃል ናቸው። በተዝካሩ ጥሪ ላይ አይቻቸዋለሁ፣ በሐውልቱ ላይ አይቻቸዋለሁ። በሁለቱም ላይ ሲጻፉ ዝም ብያለሁ። እዚህ ግን እሱ በገዛ እጁ ስሙን ከስሜ ጎን አስቀምጦ፣ ሰው እየጠራ ነው። እኔ በመሐል ገብቼ የምለውን አጣሁ። ቀኑን ብቻ ለውጬ አተምኩት።

ማስመሪያውን የሚጫንልኝ ስላልነበረ በክርኔ እየተጫንኩ ቆረጥኩ። የብዙዎቹ ጠርዝ ጠመመ። የስንዴው ዛላ ላይ ሊነሰንስ የገዛው የወርቅ ብናኝ በብልቃጥ ነበር፤ በኮላ እያጣበቅኩ ነሰነስኩት። ጎረቤቴ ሳታንኳኳ ስትገባ ካርዶቹን በፎጣ ሸፈንኳቸው።

«ጥቁር ልብስሽ ላይ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጨው ነው» አልኳት።

ወርቅ የመሰለ ጨው። የመጣችበትን ቡና ተበድራ ወጣች። ከዚያ በኋላ ልብሱን ባጥበውም ብናኙ አልለቀቀኝም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እጅጌዬ ያበራል። በሐዘን ልብሴ ላይ ሠርግ ተነስንሶብኝ፣ ነጠላዬን እየሳብኩ እሸፍነው ነበር።

ልጄ ካርዶቹን አይታ «እማዬ ያምራሉ» አለች። ከውጭ ነው ያየቻቸው። ውስጡን የምታውቀው ስለመሰላት አልገለጠችውም። እኔም ግለጪው አላልኳትም። የሮቤውን ድርሻ ሰኞ በሚኒባስ ልንልክ፣ እሑድ ደግሞ ለሰፈራችን አዛውንቶች ራሳችን ልናደርስ ተስማማን። ለትልቅ ሰው ካርድ በሌላ ሰው አይላክም፤ ቤቱ ተሄዶ በሁለት እጅ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው አባት ነበር። አሁን እኔ በጥቁር ልብሴ፣ ልጄን ከጎኔ አድርጌ ወጣሁ።

በመጀመሪያ የሄድነው የእድራችን ዳኛ ወደነበሩት ሽማግሌ ነው። ሙስሊም ናቸው፤ ከባለቤቴ ጋር ማስታወቂያ ሲያስጽፉና ሲከራከሩ የኖሩ ወዳጁ ናቸው። የቀብሩ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እስከ መጨረሻው ያልሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ አፈሩን በአካፋ ሲመልሱ አይቻለሁ።

«አካም፣ ነጋ? ግቡ፣ ግቡ» አሉን፣ በኦሮምኛ ደኅንነታችንን እየጠየቁ። ካርዱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጠርገው፣ አደረጉ። የማያነቡት መስሎኝ ነበር። ብዙ ሰው ካርድ ሲሰጠው አመስግኖ ያስቀምጠዋል። እሳቸው ግን ገልጠው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስሙን አነበቡ። ስሜን አነበቡ። «በክብር ጠርተንዎታል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሱ።

«ማን ነው የጠራኝ?» አሉ።

በቁጣ አልነበረም። የምር እየጠየቁኝ ነው።

«እኔ እኮ በእጄ አፈር ያለበስኩት ሰው ነው» አሉ። ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ለወጡ። «ለሠርግ ከሆነ የጠራኝ እመጣለሁ። እሱ ወዳለበት ከሆነ ግን ገና ነኝ፤ ጤፌን አላስወቃሁም በይው።»

ልጄ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ካርዱን ከእጃቸው ተቀብላ አነበበችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው።

«እማዬ፣» አለችኝ በዝግታ፣ «አማቴ ነግራሽ አልነበር?»

«ነግራኛለች።»

«እሺ ብለሻታል።»

«ብያታለሁ።»

መሬቱን አየሁ። በሽማግሌው ምንጣፍ ላይ፣ ከካርዱ የረገፈ የወርቅ ብናኝ ነበር። ያፈርኩት ቃሌን ስላላከበርኩ ብቻ አይደለም። ልጄን፣ ምንም የማታውቀውን፣ የሞተ አባቷን ጥሪ አስይዤ ሰው ደጅ ይዣት ወጥቻለሁ። በድንኳኑ መግቢያ ላይ ያን ፎቶ የሰቀለው የእሷ እንባ ነበር፤ ይሄኛውን ግን አስቤ፣ ቆርጬ፣ በኮላ አጣብቄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጄ ካርዱን መልሳላቸው፣ ሌሎቹን ካርዶች በፌስታል እንደያዝኩ ወደ ቤት ተመለስን።

ቤት ስንገባ ልጄ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል «እኔ ልጻፈው» አልኳት። ተነሣችልኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ሁለቱን ቃላት ጻፍኩ። ሲጻፉ መስመሩ ረዘመና የእኔ ስም ከእሱ ጎን ተገፍቶ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ልጄ ፊደሉን አሳንሳ ልትመልሰው ሞከረች።

«ተይው፣ እዚያው ይሁን» አልኳት።

አተምን። እሷ ማስመሪያውን ተጫነች፣ እኔ ቆረጥኩ። እጇ እንደ አባቷ ከባድ ነው፤ ካርዶቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ወጡ።

አዲሱን ካርድ ለሽማግሌው ወስጄ የመጀመሪያውን እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። አልሰጡኝም። «ይሄ የእሱ ነው፣ ያ ደግሞ ያንቺ» ብለው ሁለቱንም ኪሳቸው ከተቱ። ደግነታቸው ከጥያቄያቸው ይልቅ አሳፈረኝ።

ሠርጉ ተሠራ። ዘፈን ቀነስን፣ ሌላው ሁሉ ባለቤቴ እንዳሰበው ሆነ። ኢተያ ማሳ ላይ ያሳጨድነውን ስንዴ በሪቫን አስረን በየጠረጴዛው አቆምን። በየጠረጴዛው ፊት የቆሙትን የቁጥር ካርዶች እሱ በሕይወቱ ሳለ ጨርሷቸው ነበር። የአዳራሹ በር ላይ ግን ሰሌዳ አላቆምንም፤ ልጄም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አላነሳሁት። የሙሽራው እናት ካርዱን ካየች በኋላ ሳመችኝ፤ ስለ መጀመሪያው ካርድ ልጄ ምንም እንዳልነገረቻት ከአሳሳሟ አወቅኩ። አንዲት እንግዳ ዛላውን አንስታ «የማን ሐሳብ ነው? እንዴት ያምራል» ስትል ሰማኋት። የዱቄት ፋብሪካ ካላንደር ነው የሚመስለው ያልኩት አፌ «የባለቤቴ» ብቻ ብሎ ተዘጋ።

አሁን ልጄ ከባሏ ጋር ሮቤ ነው የምትኖረው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ጥቁር ልብሴን አውልቄያለሁ። መጋረጃውን አልዘጋውም። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ ስም የሌለበትን የስንዴ ዛላ አንድ ገጽ ላይ አትማለሁ፣ ቀለሙ እንዳይደርቅ።