ከከሚሴ ሆኜ ያስነሳሁት

ከአለቃዬ ጋር መጀመሪያ የተጋጨነው በገመድ ነው። በየወረዳው የመሬት መዝገብ የሚቀመጥባቸውን ሰርቨሮች ስንተክል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ የኔትወርክ ገመድ ይሰካልኝ አልኩ። ሰርቨሩ ውስጥ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች፤ ዋናው ማሽን ቢወድቅ እንኳ መብራት እስካለ ድረስ እሷ ነቅታ ትጠብቃለች። ገመዱ ከሩቅ ሆኜ እሷን ለማዘዝ ነበር። አለቃዬ ግን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ሲበላሽ በመኪና ሄደሽ ትሠሪዋለሽ» አሉ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «መኪናው ራሱ ሲበላሽስ?» አልኳቸው። ተናደዱ፣ ገመዱ ግን ተሰካ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሚሴ ቢሮዬ ውስጥ ሳለሁ የባቲው ቢሮ ጥበቃ ደወለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም ተብሎ ያደገ። የእናቴን ጤና ጠየቀኝ፣ የጨፋ ሜዳን ዝናብ ጠየቀኝ፣ የባቲ ገበያ ዛሬ መሙላቱን ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማሽኑ ትንሽ አሞታል» አለኝ። በእኛ አገር በስልክ «ትንሽ አሞታል» ከተባለ፣ ሰውየው ተቀብሯል ማለት ነው።

«ሞቷል?» አልኩት።

«ሌሊት መብራት ሲሄድ ሲመጣ አድሮ... አዎ። አላህ ያጽናሽ።»

«ግድ የለም፣ ከዚሁ ሆኜ አስነሳዋለሁ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ «አስተግፊሩላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመሬት ወረቀታቸውን ቅጂ ሊወስዱ ከባቲ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ ሙት የሚያስነሳ አንድ አላህ ብቻ ነው።»

«ሰው አይደለም አባቴ፣ ማሽን ነው። የእርስዎ ወረቀት ያለበት ማሽን።»

ይኼን ሲሰሙ ደነገጡ። ከወንድማቸው ጋር በሁለቱ ስም ያስመዘገቡትን ማሳ ጎረቤታቸው የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ወንድማቸው ሞተዋል፤ የማሳውን ደብተር አይጥ በልቶታል። ችሎቱ እዚሁ ከሚሴ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። የደብተሩ ቅጂ ያለው ባቲ በሞተው ሰርቨር ውስጥ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ኢንሻ አላህ በይ» አሉኝ። አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ቀድሞ እርግጠኛ ነበር።

አለቃዬ ገብተው መኪናው ጋራዥ መሆኑን በለሆሳስ ነገሩኝ። ደስታዬን ለመደበቅ አልሞከርኩም።

በመቆጣጠሪያዋ በኩል ገባሁ። የባቲው ሰርቨር ስክሪን በእኔ ስክሪን ላይ ተከፈተ፤ ጥቁር ሆኖ፣ መነሻዬን አጣሁ ይላል። መድኃኒቱ የማስነሻ ሲዲ ነው። ባቲ ሄዶ ሲዲ የሚከትለት ሰው አያስፈልግም፤ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የሲዲ ፋይል አገናኝለታለሁ፣ እሱም ማስገቢያው ባዶ ሆኖ ሳለ ሲዲ የገባለት ይመስለዋል። ነገር ግን ትዕቢቴ ቀደመኝና ትልቁን፣ ሙሉውን ፋይል ሰጠሁት። ያ ቀጭን የኔትወርክ መስመራችን እንዴት ይቻለው? አርባ ደቂቃ ጠበቅን፣ ምንም የለም።

«ተነፈሰ?» ይላሉ ሽማግሌው በየመሐሉ።

«ገና ነው አባቴ።» በኔ ጉራ የሰው ማሳ ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁ።

ትልቁን አላቅቄ፣ ለጥገና ብቻ የምትሆነውን ትንሿን ፋይል ሰጠሁትና እንደገና አስነሳሁት። ይኼን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። ፊደሎች አንድ በአንድ ወረዱ። መብራቱ ያበላሸውን ዲስክ እንዲያስተካክል አዘዝኩት፣ ሲጨርስ ሲዲዬን ነቀልኩና በራሱ እንዲነሳ ተውኩት። የመዝገቡ ገጽ ሲከፈት ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። የዙህር አዛን ገና አላለም ነበር።

ቅጂውን አትሜ ሰጠኋቸው። ድንበሩንና ስፋቱን እንዳነብላቸው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ከላይ የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ነው፤ ከሥሩ የሁለቱ የጣት አሻራ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በወንድማቸው አሻራ ላይ አሳረፉ።

«ከደብተሩ ሌላ ፎቶ አልነበረውም» አሉ። «እሱንም አይጥ በላው።»

ቆይተው ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አስነሳሽው» አሉኝ።

ማሳው እንደጸናላቸው በማግስቱ ሰማሁ። የዚያን ቀን ግን ከበሩ ደርሰው ተመለሱና ወረቀቱን እያሳዩኝ «ይኼ ለዳኛው ነው» አሉ። «ለኔ ሌላ አውጪልኝ።»