ጭሮ ሳንደርስ ሂርና ያደርን ጊዜ

የበደለኝ ባሌ ነው። የበደለኝም የእህቴ ባል በሞተ ዓመት ሳይሞላው፣ በእህቴ ሳሎን፣ ለቀስተኛ ፊት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። አላለፈም። እሱም እንዳላለፈ ያውቃል፤ ወሬው ሲነሳ ግን ሬዲዮ ይከፍታል።

ያኔ የምንኖረው ጅቡቲ ነበር። እሱ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እኔ የፈረንጅ ቤት ምግብ አበስላለሁ። የተከራየናት አንድ ክፍል ናት፤ እሷም የእኛ ብቻ አልነበረችም። ሥራ ፍለጋ ከጭሮ የሚመጣ የእሱ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ዘንድ ነው። አንዱ ሥራ አግኝቶ ሲወጣ ሌላው ፍራሹን ይረከባል። የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነው፤ የምንጣላውም በሹክሹክታ። በበጋ መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ራሱ ትኩስ ይተነፍሳል።

እህቴ ያልኩት ታላቄን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏም «የሚስቴ እህት» ብሎ ለይቶኝ አያውቅም፤ «ልጄ» ነበር የሚለኝ። ጅቡቲ ልሄድ ስነሳ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ድሬዳዋ የሸኘኝ እሱ ነው። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ እንዳላለቅስ ብሎ በመስኮቱ በኩል የማይረባ ቀልድ ሲቀልድልኝ ነበር። የሞተው በክረምት ነው። ስልክ ደወሉልኝ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ መሄድ ግን አልቻልኩም። አሠሪዎቼ ፈቃድ ከለከሉኝ። ይህ እውነት ነው፤ ያኔ አልዋሸሁም። «እትዬ፣ ፈቃድ የሰጡኝ ቀን እመጣለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ የሰው ቤት ነሽ» አለችኝ።

እኛ ወንጌላውያን ነን። ሙሾ አናወርድም፣ ደረት አንመታም። ለቅሶ መድረስ ግን በእኛ አገር ኦርቶዶክሱም እስላሙም እኛም ዘንድ አንድ ነው፤ የሩቅ ለቀስተኛም ወግ አለው። ከመናኸሪያ ወርዶ በቀጥታ ሐዘን ቤት ይገባል፤ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሌላ ቤት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ። ለዚህ ነው ሐዘን ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ገባሽ?» የሚለው። «አሁን ከመኪና መውረዴ ነው» ያለ ሰው ወራት ቢዘገይም ይቅር ይባላል። ሌላ ቦታ አርፎ የመጣ ሰው ግን እንደመጣ አይቆጠርለትም።

ብርዱ ሲገባ አሠሪዎቼ ለጥቂት ቀን ወደ አገራቸው ሄዱና ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ አረፍኩ። ለባሌ ነገርኩት። እሱም ከጋራዡ ሐሙስን አስፈቀደ፤ ጅቡቲ ዓርብ የእረፍት ቀን ነው።

«ጭሮ ከሄድን ዕረፍት የለም» አለኝ። «አንቺ እህትሽ ቤት ፍራሽ ላይ ትቀመጫለሽ። እኔን እናቴ ትወስደኛለች። ዘመዱ ሁሉ ‹ምን ይዘህ መጣህ› ይለኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ ከተጋባን ሁለታችን ብቻ የሆንበት ቀን አለ?»

«የለም።»

«ሂርና እንረፍ። ከጭሮ ወዲህ ነው፣ ማንም አያየንም። ብርዱን እንጠጣ፣ እንተኛ፣ እንመለስ። ለቅሶውን ለፋሲካ ተዘጋጅተን በወጉ እንደርሳለን።»

«እሺ» አልኩ።

ቶሎ ነው ያልኩት። ትንሽ እንኳ አላንገራገርኩም። እሱ ያደረገውን ስጽፍ ይህችን እሺታዬንም እጽፋታለሁ፤ እሷ ግን የእኔ ናት፣ ለእሱ አልሰጠሁትም።

ባቡሩ ዘገየ። ድሬዳዋ ስንደርስ የሂርናው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ሮጠን ያዝነው፤ ሻንጣችንን ከላይ ጫኑልን። ቁሉቢን ካለፍን በኋላ የገባው አየር ፊቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደስ አለኝ።

ሂርና የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ከጭሮ የመጣ ሰው እንዳያየን እኔ በነጠላዬ እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኛለሁ፤ እሱ ኮፍያውን ቅንድቡ ላይ ደፍቷል። የሆቴሉ ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። «አካም ጅርቱ!» ብላ ተቀበለችን። ስማችንን ስትጠይቅ ባሌ ተንተባተበ። ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ረኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም ጋሼ። እኛ ቤት ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

«ኧረ ሚስቴ ናት!» አለ ባሌ።

«እንዴታ! እዚህ የሚመጣ ሁሉ ይዞ የሚመጣው ሚስቱን ነው።»

በዚህ ዕድሜዬ! ነጠላዬን ገልጬ ፊቴን ላሳያት ፈለግኩ፤ እንዳልገልጥ ደግሞ መደበቄ ትዝ አለኝ። በስተጀርባ ያሉትን ክፍሎች ጫት ነጋዴዎች ይዘዋቸው ስለነበር የደረሰን ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ሆነ። ሙቅ ውኃ አለ ተብለን ነበር፤ ቧንቧው አስነጠሰና ዝም አለ። ሻንጣውን ስንከፍት ደግሞ የእኛ አይደለም። የእኛን የሚመስል የሌላ ሰው ሻንጣ ነው፤ ከአፍ እስከ ገደፉ የወንድ ጫማ ሞልቶታል፣ ሁሉም የግራ እግር። ኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እንዲያ ያደርጋሉ፤ ፍተሻ ቢወርስባቸው እንዳይጠቅም ግራውን በአንድ መኪና፣ ቀኙን በሌላ ይልካሉ። የእኔ ሹራብና ጥቁር ቀሚሴ ከማላውቀው ሰው ጋር ሄደዋል። በላዬ ያለው የጅቡቲ ስስ ድሪያ ቀሚስ ነው፤ ቢጫ መደብ ላይ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት።

ጥቁሩን ቀሚስ ለምን ያዝሽ የሚለኝ ይኖራል። እኔም አላውቅም። ሻንጣ ሳዘጋጅ እጄ አነሳው።

ዓርብ ጠዋት በረንዳው ላይ ፉል አቀረቡልን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የበላሁት። ባሌ ከዚያ ሻንጣ ሁለት የግራ ጫማ አውጥቶ ተጫማና በረንዳው ላይ እንደ ሹም ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። እግሮቹ ሁለቱም ወደ አንድ በኩል ይሄዳሉ። «አየሽ፣ ቀኝ ኋላ ዙር አልችልም!» አለኝ። ሳቅኩ። እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ዘመኔ ነው። ስልኬ የጠራው እየሳቅኩ ነው።

እህቴ ናት። ዓርብ የእረፍት ቀኔ መሆኑን ስለምታውቅ ሁልጊዜ ዓርብ ጠዋት ትደውላለች። የምንደዋወለው በኢንተርኔት ነው፤ ሆቴሉ ዋይፋይ ነበረው፣ የት እንዳለሁ የሚያሳብቅ ነገር የለም። ባሌ በእጁ «ተይው፣ አታንሺው» አለኝ። ካላነሳሁ ትጨነቃለች ብዬ አነሳሁት።

«ምነው፣ ሳቅ ሳቅ ይልሻል?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም እትዬ። እንዴት አደርሽ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ የጸሎት ቡድኑ እኔ ቤት ነው፤ ስንሰናዳ ነበር። ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«እሳት ነው እትዬ። እንዴት እንደምንተነፍስ እንጃ።»

ይህን ስል ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከበረንዳው ሥር ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በሻከረ ድምፅ «ጭሮ! ጭሮ! አንድ ሰው ጭሮ!» ብሎ ጮኸ፤ ጡሩምባውንም ደገመው።

እህቴ ሰማችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቴሌቪዥን ነው» አልኳት።

ሹፌሩ እንደገና ጠራ። እህቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ያለሽበት ብርድ ከሆነ ደረብ አድርጊ» አለችና ዘጋችው።

ባሌ ጫማዎቹን አወለቀ። ሁለታችንም ፉሉን አልጨረስንም። «እንሂድ» አልኩት። «አሁን ሄደን ምን ልንል ነው?» አለ። በዚህ ስንጨቃጨቅ፣ እሱም ሻንጣውን ልመልስ ብሎ መኪና ተራ ለመኪና ተራ ሲዞር እኩለ ቀን አለፈ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ብቻዬን መሳፈር እችል ነበር። መኪናው እኮ ከመስኮቴ ሥር ነው።

ባለሆቴሏ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ለቅሶ አለብኝ» አልኳት። ስለ ሚስትነቴ የቀለደችው ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። ገብታ ጥቁር ሻሽ አመጣችልኝ፣ ራሷ አሰረችልኝ። «እግዜር ያጥናዎት እናቴ» አለችኝ። ሻሹ ፀጉሬን ሸፈነ፤ ድሪያውን ግን የሚሸፍን አልተገኘም። የራሴ ነጠላ ነጭ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

መኪና ውስጥ ባሌ የምንለውን አዘጋጀ። ፈቃዱ በድንገት ተገኘ፤ ባቡሩ ዘገየብን፤ ሂርና መሸብን። ቴሌቪዥን ያልኩትን «መንገድ ላይ መሆናችንን ሰምታ እንዳትጨነቅ ብላ ነው» ብሎ ሊያስተባብል ነው። «አንቺ አልቅሺ፣ ንግግሩን ለእኔ ተይው» አለኝ። ተውኩለት።

እህቴ ቤት በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ገብቼ ስሟን ጠርቼ ጮኽኩ። የጸሎት ቡድኑ ሰዎች ተነሡ። ሁሉም መጀመሪያ ያዩት ድሪያዬን ነው፤ አየኋቸው። እህቴ ግን መጥታ አቀፈችኝ። አንገቴ ላይ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእውነት ነው ያለቀስኩት፣ የባሏ ወንበር ባዶውን ግድግዳ ጥግ ነበር። ከዚያ እጄን ይዛ ፍራሹ ላይ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። እጄን አልለቀቀችውም። ይቅር ልትለኝ ነበር። ይህን ማንም አይነግረኝም፣ ከእጇ አውቀዋለሁ።

የሟች ታላቅ ወንድም ከወንዶቹ በኩል ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼ ገባችሁ?»

ባሌ የተዘጋጀውን ተናገረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ሂርና ማለት እዚህ ናት» አሉት። «የመሸበት ሰው ጎህ ሲቀድ ይነሣል። እናንተ ምሳችሁን በልታችሁ ነው የመጣችሁት። ከስልክ በኋላ። ለመሆኑ ወዴት ነበር መንገዳችሁ? ወንድሜ እኮ ለአንተም ዘመድህ ነበር።»

አንዱ ከወዲያ «ቱሪስት ሆነዋላ!» አለ፤ ድሪያዬን እያየ። የተሳቀው ሳቅ የታፈነ ነበር፤ ግን ተሳቀ።

የባሌ ጆሮ ቀላ። እኔን አላየኝም፤ ሰዎቹን ነው ያያቸው።

«እኔማ በቀጥታ ጭሮ እንግባ ብያት ነበር» አለ። «እሷ ናት፣ ‹እናርፍና እንመለስ፣ ለቅሶውን ለፋሲካ እንደርሳለን› ያለችው። የሴት ነገር፣ ምን ላድርግ?»

የራሱን ቃል፣ ፋሲካውን እንኳ ሳያስቀር፣ በእኔ አፍ አስቀመጠው።

የእህቴ እጅ ከእጄ ወጣ። አልነጠቀችኝም። ነጠላዋን ልታስተካክል እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብላ አወጣችው፣ አልመለሰችውም።

«እሱ ነው ያለው» ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሽማግሌው ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ «አንቺስ ምን አልሽው?» ይሉኛል። ያን እሺታዬን በእህቴ ፊት እንዴት አወጣዋለሁ? ዝም አልኩ። እሱም ዝም እንደምል አውቆ ነው የተናገረው። ይህን ነው ይቅር ያላልኩት።

እህቴ ተነሣች። «ለእንግዶቹ ምግብ አቅርቡላቸው» አለች ወደ ጓዳ።

«እትዬ፣ እኔ ራሴ ልነሣ» አልኳት።

«ተቀመጪ። እንግዳ ነሽ» አለችኝ።

በዚያ ቤት ነው ያደግኩት። የትኛው ማሰሮ እንደሚያፈስ አውቃለሁ።

በማግስቱ ባቡር ላይ «ለምን እንዲያ አልክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ታዲያ ምን ልበል? ሰዎቹ ፊት!»

«እውነቱን።»

«እውነቱማ አንቺም እሺ ማለትሽ ነው» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ዓርብ ጠዋት ስልኬ መጥራቱን ተወ። እኔ ስደውል ታነሳለች፤ «ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን» ትላለች፣ ወጥ ጥጄ ነበር ብላ ትዘጋለች። ለፋሲካ ብቻዬን፣ ጥቁር ለብሼ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ ሄድኩላት። በወጉ ተቀበለችኝ፤ ማንንም ሰው እንደምትቀበለው። አሁን ጅቡቲን ትተን ጭሮ ገብተናል፤ ቤታችን ከእሷ ቤት ሩቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሦስት ጊዜ ትስመኛለች። ባሌን ግን ትወደዋለች። «ሐቀኛ ሰው ነው» ትላለች ብለው ነግረውኛል።

ጅቡቲ ሳለን፣ በሚቀጥለው ዓመት የእሱ እናት ሞቱ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ለእኔም ክፉ አላደረጉብኝም። ሻንጣ እያዘጋጀ «ተነሺ እንጂ» አለኝ። «አልሄድም» አልኩት። «ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ብቻውን ሄደ። እሱ ፍራሽ ላይ በተቀመጠበት ዓርብ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ባሕር ዳር ወረድኩ። የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነከርን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።