ትእዛዝ ያልደረሳቸው ጠባቂዎች

ኮረብታዋን «መላጣዋ» እንላት ነበር። ካርታ ላይ ቁጥር አላት ይባላል፤ ቁጥሩን አለቆች ይወቁት። እኛ የምናውቀው አንድ ዛፍ እንኳ እንደሌለባት፣ ቀን ቀን ድንጋይዋ እንደሚፋጅ፣ ውሃ ከታች ከወንዙ በሰው ጀርባ እንደሚወጣባት ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ከራያ ቆላ ብዙ ልጆች ዘመትን። እኔ የዋጃ ልጅ ነኝ። ዛሬ ጎብዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ከፍቼ የመኪና ጎማ እየለጠፍኩ እኖራለሁ። ጀግና አልነበርኩም፤ የብሬን መትረየስ ዝናር አቀባይ ነበርኩ። ተኳሹ ሰይድ ነው።

ይህን የምጽፈውም በሰይድ ምክንያት ነው። የጎብዬ ወጣቶች ታውቁታላችሁ፤ ቆቡን የማያወልቀው፣ በጎሚስታዬ ደጃፍ ጥላ ስር የሚውለው፣ የባጃጅ ጭስ ማውጫ ሲጮህ መሬት ላይ የሚደፋው ሰው። በቀደም ከእናንተ አንዷ «ጋሼ፣ እኚያ ሰውዬ ጅን ነው አይደል የያዛቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተናደድኩ፤ ግን በክፋት አልጠየቀችም። ጅን አይደለም። ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ወደ መላጣዋ እንውጣ።

ሰይድ የጎብዬ ገበሬ ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ። ሦስተኛችን ደመቀ ነበር፤ የጋንታችን ሬዲዮ ያዥ፣ የቆቦ ከተማ ልጅ። ቆቦ መወለዱን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል። «እናንተ ገጠሬዎች መብራት መጀመሪያ ያያችሁት እኛ ዘንድ ገበያ መጥታችሁ ነው» ይለናል። ሰይድም ቸኩሎ አያውቅም፤ ትንሽ ቆይቶ «መብራታችሁ ሲጠፋ ግን ጨረቃዋ የኛ ናት» ይለዋል።

ምሽግ ውስጥ ቀኑን የሚገፋው ወሬ ነው። ሰይድ ደጋግሞ የሚያወራው የአባቱን ነገር ነበር። አገራችንን ታውቃላችሁ፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንብና ለኛ የሚደርሰን ጎርፉ ነው። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ያስገባል፤ ዙሪያውን የአፈር ክትር ሠርቶ ውሃውን ያቆየዋል። በልኩ ከገባ እርሻው ይጠግባል። ከበዛ ግን ያው ክትር ውሃውን አግዶ ሰብሉን ያሰጥመዋል። አንድ ዓመት ጎርፉ በዝቶ ገባ። አባቱ አያ ይማም «በታች በኩል ስበረው!» ብለው ጮኹ። ሰይድ በጋውን ሙሉ የለፋበትን ክትር ለመስበር እጁ እምቢ አለው። አያ ይማም መቆፈሪያውን ቀምተው በገዛ እጃቸው ሰበሩት።

«ግማሹ ማሽላ ሄደ፣ ግማሹን በላን» ይላል ሰይድ። «አባቴ ሲሰብረው ያለቅስ ነበር። ዝናቡ ነው ብሎ ካደኝ።»

ጥቃቱ የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ መድፍ፣ ቀጥሎ ሞርታር፣ ቀጥሎ ሰው። በቀኛችን የነበረው ጓድ ተመታ። የጓድ መሪያችን ወደቀ። ሰይድ ተኮሰ፣ እኔ አቀበልኩ። የብሬኑ አፈሙዝ ጋለ፤ የምናፈስበት ውሃ አልነበረንም፤ ሸናንበት። እስከ ረፋዱ ሁለት ጊዜ መጡ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። እነሱም እንደኛ የእናት ልጆች ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ያንን ማሰቢያ ጊዜ አልነበረም።

ቀትር ላይ ከፊታችን የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እኛ ግን መተኮሱን አላቆምንም። የደመቀ ሬዲዮ ጠዋት በፍንጣሪ ተመትቶ ከጥቅም ውጪ ሆኗል፤ እሱም በእግሩ ወደ ሻለቃው ማዘዣ ወርዷል። ጠዋት የታዘዝነው «እንዳያልፉ» ተብለን ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላለንም። እንግዲህ ማለፍ የሚፈልግ ይኑር አይኑር በምን እናውቃለን? ድንጋይ ላይ ተኮስን። ከማዶ ያለው ቁጥቋጦ ነፋስ ሲያወዛውዘው እሱም ላይ ተኮስን። ውሃ ሊያመጡልን የሚወጡት የራሳችን ሰዎች ተኩሱን ፈርተው ከወንዙ ቀሩ። በገዛ እጃችን ውሃ ጠማን።

ከቀትር በኋላ ደመቀ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ይዞ ከምሽጋችን አፍ ላይ ቆመ።

«ተኩስ አቁሙ! ሄደዋል፤ ተኩስ አቁሙ ተብሏል» አለ።

ሰይድ ጣቱን ከቃታው አነሳ። ብሬኑ ዝም ሲል ጆሯችን ጮኸ። ደመቀ ሳቀና «ገጠሬዎች! ድንጋይ ስትገድሉ ዋላችሁ» አለን። የመጨረሻዋ ሞርታር ያን ጊዜ ወደቀች። ደመቀ እዚያው ቀረ። እኔ ክንዴን ተመታሁ። ሰይድ ራሱን፣ ከግራ ጆሮው በላይ።

ሰይድ ግን አልወደቀም። ራሱን በፋሻ ጠቅልለንለት ኮረብታዋን በራሱ እግር ወረደ፤ እንዲያውም እኔን ደግፎኝ ነው የወረደው። «ደመቀስ?» ሲለኝ «ከኋላ ያመጡታል» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ አመጡት። ቁስለኛ የጫነው መኪና ላይ ሆነን «አየህ፣ የገጠሬ ራስ ብረት አይበሳውም» ብሎ አሳቀኝ። በቃ ተርፏል ብዬ አመንኩ።

ከኋላ ወዳለው ሆስፒታል በገባን በማግስቱ ራሴን ራሴን ማለት ጀመረ። ከዚያ ቃላት ጠፉበት፤ ውሃ ማለት ፈልጎ «ያ... ያ...» እያለ በዓይኑ ይለምነኛል። ቀጥሎ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠሩት የማይሰማ ሆነ። እኔን እንደ እብድ አደረገኝ። ከመላጣዋ በእግሩ የወረደ ሰው አልጋ ላይ ሊሞትብኝ ነው?

አያ ይማም የልጃቸውን መቁሰል የሰሙት በጎብዬ ከሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በዚያው መኪና፣ ጭነቱ ላይ ተሳፍረው ደረሱ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሰይድ አልጋ አጠገብ አቁማን ነገሩን አስረዳችን።

«አባባ፣ ፍንጣሪውን አውጥተነዋል። አሁን የሚጎዳው እብጠቱ ነው። አንጎል ውስጥ የራሱ ጠባቂ ህዋሶች አሉ፤ በዓይን አይታዩም። በደህናው ጊዜ ዙሪያቸውን ሲቃኙ ይኖራሉ። ጉዳት ሲደርስ ይነሳሉ፤ የሞተውን ይጠርጋሉ፣ ከደም ሌሎች ጠባቂዎችን ይጠራሉ። ያለነሱ ቁስል አይድንም። ሲበዙና ሲቆጡ ግን ጤነኛውንም ይጎዳሉ፤ ውሃ ይቋጠራል፣ አንጎሉ ያብጣል። እግር ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል። የራስ ቅል ግን አጥንት ነው። አንጎሉ መሄጃ አጥቶ እየተጨፈለቀ ነው።»

«መድኃኒትስ?» አልኳት።

«ሰጥተነዋል፤ አልበቃም። ከአጥንቱ ከፍለን አንስተን ለእብጠቱ ቦታ መስጠት አለብን። ዛሬውኑ።»

አያ ይማም ልጃቸውን አዩት። «የሰው ራስ ትከፍቻለሽ?» አሏት። «ተከፍቶስ ያው ልጄ ይሆናል?»

ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «ይተርፍ ይሆናል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«እንግዲያው አይሆንም። አላህ በሰጠው ራስ፣ ሙሉ ሆኖ ይሂድ» አሉና አልጋው ላይ፣ ከእግሩ ስር ተቀመጡ። የሚያነሳቸው አልነበረም። ነርሶቹ ቃሬዛውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የሰይድ ትንፋሽ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይመለሳል። ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ ሌላ የምታየው ሰው አልነበራትም።

አያ ይማምን በአካል ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ከምሽጉ ጀምሮ ግን አውቃቸዋለሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አያ ይማም፣ ያ ክትር...» አልኳቸው።

«የትኛው ክትር?»

«ጎርፉ የበዛ ዕለት። ሰይድ አልሰብርም ሲል መቆፈሪያውን የቀሙት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እሱንም ነግሮሃል?»

«አልቅሰዋል ብሎኛል።»

«ዝናቡ ነው» አሉ። የልጃቸውን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «እነዚያ ጠባቂ ያልሻቸው፣ ለደግ ነው የገቡት?»

«ለደግ ነው አባባ። በዝተው ነው፤ መውጫም የላቸው።»

አያ ይማም ከአልጋው ተነሱ። «ግማሹም ቢተርፈኝ ልጄ ነው። ቢስሚላህ በይና ስበሪው» አሏት።

ሰበረችው። ፍንጣሪው የሰባበረውን አጥንት መልሶ ማኖር አልተቻለም። አያ ይማም «እሱን ለኔ ስጡኝ» ብለው ለምነው ተቀበሉ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጎብዬ ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ቀበሩት። ሰው ሲጠይቃቸው «ልጄ ትንሽ ዕቃ ቀድሞ ልኳል» ይሉ ነበር። ቆቡን የማያወልቀው ለዚህ ነው፤ ከቆቡ ስር አጥንት የሌለው ቦታ አለ።

ሰይድ ሲነቃ መጀመሪያ ያላት ቃል «አባ» ናት። አያ ይማም ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። እጁ በከፊል ተመለሰ፣ ንግግሩ በከፊል፣ ድምፅ አልባ ሳቁ ሙሉ በሙሉ። ያልተመለሰው የመላጣዋ ከሰዓት ነው። ጠዋቱን ያስታውሳል፣ መተኮሱን ያስታውሳል። ደመቀ ወደ ማዘዣው መውረዱን ያስታውሳል፤ መመለሱና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የለም።

ከሠራዊቱ ስንቀነስ ልጠይቀው ጎብዬ መጣሁና እዚሁ ቀረሁ። ዓመታት ሲያልፉ ይሻለዋል ስንል መርሳቱ ባሰ፣ የሚጥለውም በሽታ መጣ። ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኩትና «ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ለምንድን ነው የሚብስበት?» ብዬ ሐኪሙ ላይ ጮህኩ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። አንዳንድ ሰው ላይ እነዚያ የአንጎል ጠባቂዎች ጉዳቱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላም እንደተቆጡ እንደሚቀሩ፣ ቀስ በቀስ ጤነኛውን እንደሚጎዱ፣ ለምን እንደሆነ ገና እየተጠና እንደሆነ ነገረኝ። «የሚጥለውን እናስታግሳለን። እነሱን ረጋ በሉ የሚል መድኃኒት ግን እስካሁን የለንም» አለ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰይድ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ እኔ እነሱን ስረግም መጣሁ። ዋጃን ስናልፍ እርግማኑ አለቀብኝ። እነዚያ ጠባቂዎች ምን አጠፉ? እንዳያልፉ ተብለው ቆሙ። ጠላት ሄዷል የሚላቸው አልመጣም። እኛስ መላጣዋ ላይ ድንጋይ ስንገድል አልዋልንም? ልጠላቸው አልቻልኩም። ለኛ ደመቀ መጣልን፤ ለነሱ የሚላክ ደመቀ አልተገኘም።

ከጋንታችን ያን ቀን የሞተው፣ ደመቀን ጨምሮ፣ አሥራ አንድ ሰው ነው። እኔ ስቆጥር ጎብዬ የተቀበረችውን አጥንትም እጨምራለሁ። ከማዶ ስንት እንደወደቀ አላውቅም፤ እነሱንም የሚቆጥር አንድ ሰው በአገራቸው እንዳለ አምናለሁ። አያ ይማምም አሁን የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሰይድ ድንገት ድምፅ ሰምቶ መሬት ላይ ሲደፋ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ደመቀ ደረሰ?» ይላል። ብዙ ዓመት «ደመቀ ሞቷል» እለው ነበር። ሁልጊዜ እንደ አዲስ መርዶ ያለቅሳል፤ በሚቀጥለው ደግሞ እንደገና። አንድ ቀን አንጀቴ አልችል አለና አጠገቡ ተደፍቼ «ደርሷል» አልኩት። «ምን አለ?» አለኝ። «ተኩስ አቁሙ ብሏል። ሄደዋል።» የታጠፈችው ጣቱ ቀስ ብላ ተዘረጋች። ቆቡን አራግፌ አደረግኩለትና ወደ ጥላችን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ እንላለን።

እኔም እያረጀሁ ነው። እኔ የሌለሁ ቀን ሰይድ መንገድ ላይ ሲደፋ ብታዩት አትሽሹት፣ አትሳቁበትም። ጎንበስ ብላችሁ፣ ጮክ ሳትሉ፣ «ደመቀ ደርሷል፤ ተኩስ አቁሙ ብሏል» በሉት።